ስለማይመለሰው የጨዋታ ወርቅ

በ2007 ዓ.ም. በፈረንጆች ቍጥር (ከዚህ በታችም የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በዚሁ ቍጥር ናቸው) በሆላንድ አገር ሁለት ጎረምሶች አንድ የ13 ዓመት ልጅ ይዘው በጡጫና በርግጫ ደበደቡት፤ በጩቤም አስፈራሩት። የፈለጉት ነገር ግን በኪሱ ያለ አልነበረም፤ በቤቱም ሣጥን ተቈልፎበት የተቀመጠ አልነበረም። ልጁን አስገድደው ሩንስኬፕ ወደሚባለው የኢንተርኔት ጨዋታ በራሱ ስም እንዲገባ ካደረጉት በኋላ፤ በጨዋታው ውስጥ የነበሩትን አንድ ክታብና አንድ ጭምብል ወደ አንደኛው ጎረምሳ መዝገብ አዛወሩበት። ክታቡ በአንገት አይታሰርም፤ ጭምብሉም በፊት ላይ አይጠለቅም። ሁለቱም በኮምፒዩተር መስኮት ላይ ብቻ የሚታዩ ሥዕሎች ናቸው።

ነገሩ በሌዋርደን ፍርድ ቤት ታየ፤ በይግባኝም ታየ፤ በመጨረሻ ከአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደረሰ። ጠበቃው፤ የማይዳሰስና ዋጋ የሌለው ነገር ሊሰረቅ አይችልም ሲል ተከራከረ። ዳኞቹ ግን ጃንዋሪ 31 ቀን 2012 በሰጡት ፍርድ ይህን ክርክር አልተቀበሉትም። ልጁ ክታቡንና ጭምብሉን ያገኘው ጊዜውንና ጕልበቱን ከፍሎ ነው፤ በዕቃዎቹም ላይ የሚያዝዘው እርሱ ብቻ ነበር፤ ጎረምሶቹ ሲነጥቁት ይህን ማዘዝ አጥቷል፤ ስለዚህ የተደረገው ስርቆት ነው አሉ። መልካም ፍርድ ነው። ሰው የደከመበት ነገር ገንዘቡ ነው የሚለውን አሮጌ ሕግ ዳኞቹ ለአዲስ ነገር ሲያውሉት አላፈሩበትም።

እንግዲህ ክርክሩ የሚነሣው ከዚህ ነው። ያንኑ ክታብና ያንኑ ጭምብል የወሰዱት ሁለቱ ጎረምሶች መሆናቸው ቀርቶ የጨዋታው ኩባንያ ቢሆን ኖሮ፤ ነገሩ ስርቆት ተብሎ ባልተጠራም ነበር። ተጫዋች ሁሉ ሳያነብ እሺ የሚልበት ያ ረጅም ውል፤ በጨዋታው ውስጥ ያለው ሁሉ የኩባንያው ነው፤ ተጫዋቹ እንዲገለገልበት ተፈቀደለት እንጂ ባለቤት አልሆነም ይላልና። ኩባንያው መዝገቡን የዘጋበት ሰው ክታቡ የት ሄደ ብሎ ቢጠይቅ፤ መጀመሪያውንም ያንተ አልነበረም የሚል መልስ ያገኛል። ጎረምሳ ሲነጥቀው ንብረት የሆነው ነገር ነጋዴ ሲወስደው ሥዕል ይሆናል። ይህም ልጁ በድካሙ ስላገኘው ነገር ነው። በአባቱ ገንዘብ ስለ ገዛውስ ምን ይባላል?

ጨዋታውን ዓይቶ ለማያውቅ አንባቢ ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ ሺህ ሰዎች ከየአገራቸው በኮምፒዩተር ወይም በስልክ በአንድ ጊዜ የሚገናኙበት አንድ የተፈጠረ ዓለም አለ። እያንዳንዱ ሰው በዚያ ዓለም የራሱ አካል አለው፤ በዚያም አካል ዛፍ ይቈርጣል፥ ማዕድን ይቈፍራል፥ ብረት ይቀጠቅጣል፥ አውሬ ያድናል፤ ስለ ድካሙም ወርቅ ያገኛል፤ በወርቁም የጦር ዕቃና ልብስ ይገዛል። ይህ ሁሉ ለሳቅ የሚሆን ይመስላል። ነገር ግን በ2001 ኤድዋርድ ካስትሮኖቫ የሚባል አሜሪካዊ የኢኮኖሚ መምህር፤ ኤቨርክዌስት በሚባለው ጨዋታ ውስጥ ያለውን ዓለም እንደ አንድ አገር ቈጥሮ፤ ተጫዋቾች ዕቃቸውን ርስ በርሳቸው በዶላር ሲሻሻጡ ከታየው ዋጋ ተነሥቶ፤ የአንዱ ነዋሪ የዓመት ምርት 2,266 ዶላር ያህል እንደሚሆን አሰላ። በዚህም ስሌት ያ የማይገኝ አገር ከሩስያ ቀጥሎ ከቡልጋሪያ በፊት ተቀመጠ። ወርቁ ሥዕል ቢሆንም፤ ወርቁን ያስገኘው የሰው ሰዓት ሥዕል አልነበረም።

አንዱ የሰዓቱን ፍሬ ለመሸጥ፤ ሰዓት የሌለውም ለመግዛት መፈለጉ አይቀርምና፤ ገና ከጅምሩ በተጫዋቾች መካከል የወርቅ ንግድ ተነሣ። ከጨዋታ ኩባንያዎችም ብዙዎቹ ንግዱን አወገዙት። ያቀረቡትም ምክንያት ያማረ ነበር፤ ጨዋታ ማለት ትጉሁ የሚቀድምበት ነው፤ ባለጸጋው ወርቅ ገዝቶ ትጉሁን ከቀደመው ጨዋታ መሆኑ ይቀራል የሚል ነው። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ሩንስኬፕን ያወጣው ጃጌክስ፤ ለዚሁ ምክንያት ብሎ በ2007 መጨረሻ ላይ ተጫዋቾች ዕቃና ወርቅ እንደ ልባቸው እንዳይሰጣጡ ከለከለ። ተጫዋቾቹ እጅግ ተቈጡ፤ ወንድም ለወንድሙ ስጦታ መስጠት አቅቶታልና። ክልከላውም በ2011 በፌብሩዋሪ ወር በተጫዋቾች ድምፅ ተነሣ። ከዚያ በኋላ በ2013 በሴፕቴምበር ወር ይኸው ኩባንያ ቦንድ የሚባል ነገር ለገበያ አወጣ። ተጫዋቹ ቦንዱን ከኩባንያው በእውነተኛ ገንዘብ ይገዛል፤ በጨዋታው ገበያ ደግሞ ለሌላው ተጫዋች በወርቅ ይሸጠዋል። በሁለተኛው ዓመት በ2015 ብሊዛርድ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ወርልድ ኦፍ ዎርክራፍት ለሚባለው ጨዋታው ይህን የመሰለ ነገር አወጣ፤ የአንዱም ዋጋ በአሜሪካ 20 ዶላር ነበር። ወርቅን በገንዘብ መግዛት ነውር መሆኑ የቀረው በየትኛው ቀን ነው? ገንዘቡ የሚገባበት ሣጥን በተለወጠበት ቀን ነው።

ኩባንያዎቹ ለዚህ መልስ አላቸው፤ መልሳቸውም ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። በስውር ወርቅ ከሚሸጡት መካከል የሰው መዝገብ ሰብረው የሚዘርፉ፥ በተሰረቀ የባንክ ካርድ የሚከፍሉ ብዙዎች ነበሩ፤ ንግዱ በግልጽ በኩባንያው እጅ ሲሆን ሌባው ይዳከማል ይላሉ። ይሁን። ግን የመጀመሪያው ምክንያት ወዴት ሄደ? ትጉሁ በባለጸጋው መቀደሙ ሌባው ሲሸጥ ግፍ ከሆነ፤ ኩባንያው ሲሸጥ ምን ሊባል ነው? በዚህ ነገር አንድ የሚያስመሰግን ምሳሌ ከራሱ ከብሊዛርድ ይገኛል። ዲያብሎ በሚባለው ጨዋታ ሦስተኛ ክፍል ተጫዋቾች ዕቃ በእውነተኛ ገንዘብ የሚሻሻጡበትን ጨረታ በ2012 ከፍቶ፤ ከሽያጩም ድርሻ እየወሰደ ከቈየ በኋላ፤ ጨረታው የጨዋታውን ቁም ነገር አፈረሰው ብሎ በማርች 18 ቀን 2014 ዘጋው። ትርፍ የሚያመጣ በር በገዛ እጅ ሲዘጋ ብዙ ጊዜ አይታይም።

አሁን ወደ ገንዘቡ ጠባይ መመለስ ይገባል። በኢትዮጵያ ጠገራ ብርና አሞሌ በአንድ ገበያ አብረው ይውሉ በነበረበት ዘመን፤ አሞሌ እንደ ጠገራው አይከበርም ነበር። ከአፋር በረሃ ተቈርጦ በግመልና በበቅሎ ሲጓዝ ይሰበራል፤ ዝናብ ያሟሟዋል፤ ዋጋውም ከአገር አገር ይለዋወጣል። ነገር ግን ገበያ የተፈታበት ሰው አሞሌውን ሰብሮ ወጡን ያጣፍጥበታል፤ ለከብቱም ያስልሰዋል። ጠገራውም አንጥረኛ እጅ ቢገባ ቀልጦ የአንገት ጌጥ ይሆናል። ገንዘብ ሁሉ ገንዘብነቱ ቢቀር አንድ ነገር ሆኖ ይቀራል፤ ወይም ያወጣው ወገን ይቀበለዋል። የጨዋታ ወርቅ ከሁለቱ አንዱም የለውም። አይላስም፤ አይቀልጥም፤ ያወጣውም ኩባንያ ከገዢው መልሶ አይገዛውም። በሩ ወደ ውስጥ ብቻ የሚከፈት ነው።

ይህንም በቍጥር ማየት ይቻላል። ሮብሎክስ በሚባለውና ብዙዎቹ ተጫዋቾቹ ልጆች በሆኑበት ጨዋታ መገበያያው ሮባክስ ይባላል። በ2023 በነበረው ዋጋ 10,000 ሮባክስ 99.99 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ 30,000 ለመግዛት 299.97 ዶላር ይከፈላል ማለት ነው። በጨዋታው ውስጥ የራሳቸውን ጨዋታ ሠርተው ሮባክስ ላገኙ ሰዎች ኩባንያው ሮባክሱን በዶላር ይመነዝርላቸው ነበር፤ ለመመንዘርም ቢያንስ 30,000 ያስፈልግ ነበር፤ የአንዱም ምንዛሬ 0.0035 ዶላር ነበር። ስለዚህ ኩባንያው 300 ዶላር ያህል የሸጠውን ያንኑ 30,000 ከሠራተኛው በ105 ዶላር ይቀበለዋል። ይህም ሠርቶ ላገኘው ነው። የገዛው ልጅማ በ105 ዶላርም ቢሆን መመለስ አልተፈቀደለትም። በገበያ ተቀምጦ ብር የሚመነዝር ሰው በዚህ ሒሳብ ልመንዝር ቢል፤ በማግሥቱ የሚመጣለት ሰው ባልነበረ።

ታዲያ ነጋዴው ይህን ሁሉ ገንዘብ ማውጣት ለምን አስፈለገው? ልብሱን በዶላር ዋጋ ለምን አይሸጥም? መልሱ ፎርትናይት ከሚባለው ጨዋታ ሱቅ ይገኛል። ፎርትናይት የልብሱን ዋጋ ቪ-ባክስ በሚባል በራሱ ገንዘብ ይጽፋል። በ2023 መጨረሻ በአሜሪካ 1,000 ቪ-ባክስ በ8.99 ዶላር፤ 2,800 ደግሞ በ22.99 ዶላር ይሸጥ ነበር። አንድ ልብስ 1,200 ቪ-ባክስ ነው ቢባል፤ በመጀመሪያው ሒሳብ 10.79 ዶላር ያህል ይሆናል። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ በ10.79 ዶላር የሚያገኘው ሰው አልነበረም። 200 ቪ-ባክስ ለብቻው አይሸጥም ነበርና፤ ልጁ ሁለት ጊዜ 1,000 ገዝቶ 17.98 ዶላር ይከፍል ነበር፤ 800 ቪ-ባክስም በመዝገቡ ይቀር ነበር። ይህ 800 ምን ይሆናል? ለሁለተኛ ልብስ አይበቃም፤ ተመልሶም ዶላር አይሆንም። ሦስተኛ ጊዜ 1,000 ገዝቶ ሁለተኛውን ልብስ ቢወስድ፤ አሁንም 600 ይተርፈዋል። በሰፈር ያለ ባለ ሱቅ ዝርዝር የለኝም ብሎ በመልሱ ፈንታ ከረሜላ ሲሰጥ ሰው ሁሉ ያጕረመርማል። ከረሜላው ግን ይበላል፤ ባለ ሱቁም ዋጋውን በብር ተናግሯል።

ከትርፍራፊውም የሚብሰው መርሳቱ ነው። ልጅ አባቱን አሥር ዶላር ስጠኝ ሲል፤ አባት ለምን ይላል፤ ልጁም ምክንያት ይፈልጋል፤ በዚያ መካከል አንድ ሐሳብ ያልፋል። በመዝገቡ የተቀመጠ 1,200 ቪ-ባክስ ግን ማንንም አያስጠይቅም። ገንዘብ መሆኑን የሚያስታውሰው ነገር ሁሉ ተወልውሏል፤ ዶላሩ ከወጣ ቀናት አልፈዋል፤ ቍጥሩም ከዶላሩ ቍጥር ጋር አይመሳሰልም፤ ስሙም የመጫወቻ ስም ነው። ትልቅ ሰው እንኳ ይህን በልቡ ለማስላት ቈም ማለት ያስፈልገዋል፤ ሱቁም የተሠራው ቈም እንዳይባል ነው።

ይህ በሐሜት የተነገረ አይደለም። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የፎርትናይትን ባለቤት ኤፒክ ጌምስን ከስሶ በዲሴምበር 2022 ነገሩ በስምምነት ሲያልቅ፤ ኩባንያው ለገዢዎች የሚመለስ 245 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። የልጆችን ምስጢር ስላልጠበቀ የተጣለበት 275 ሚሊዮን ከዚህ የተለየ ነው። ኮሚሽኑ ባቀረበው ክስ፤ የወላጅ የባንክ ካርድ ቍጥር ከተመዘገበ በኋላ ልጆች እስከ 2018 ድረስ የወላጅ ፈቃድ ሳይጠየቅ ቪ-ባክስ ይገዙ ነበር፤ ቁልፎቹም ከጨዋታው ጋር ተቀላቅለው በመቀመጣቸው አንድ ጊዜ በስሕተት የነካ ሰው ገዛ ይባል ነበር ይላል። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። ሳልፈቅድ ተወሰደብኝ ብሎ ለባንኩ ያመለከተ ሰው መዝገቡ ይዘጋበት ነበር፤ ከዚያ በፊት በትክክል ከፍሎ የገዛውም ሁሉ አብሮ ይቈለፍበት ነበር ሲል ክሱ ይናገራል። በሆላንድ ዳኞች ዓይን ቢታይ ለዚህ ሥራ ምን ስም እንደሚገኝለት አንባቢ ይፍረድ። ነጋዴው ሻጭ ነው፤ ገንዘብ አታሚም ነው፤ ገበያውም የእርሱ ነው፤ ክርክር ሲነሣም ዳኛው እርሱ ነው፤ የተከራከረውንም ከአገር ያስወጣል።

ይህን ንግድ የሚደግፉ ሰዎች ሁለት ነገር ይላሉ። አንደኛው፤ ማንም አልተገደደም፤ ልብስ ያልገዛ ልጅም ያለ ዋጋ ይጫወታል የሚል ነው። ይህን የሚል ሰው ልጆች በሚውሉበት ቦታ ያልዋለ መሆን አለበት። አዲስ ልብስ ለብሶ የመጣውና ያረጀ የለበሰው ልጅ በትምህርት ቤት ግቢ እንዴት እንደሚተያዩ የሚያውቅ ሰው፤ በጨዋታው ውስጥ ያለ ዋጋ የሚሰጠውን ልብስ ብቻ ለብሶ ከጓደኞቹ መካከል የሚቆም ልጅ አልተገደደም ለማለት አይደፍርም። ደግሞም ዕቃው ነገ አይገኝም እየተባለ ሰዓት እየተቈጠረ ይሸጣል። ጅራፍ አልተነሣም ማለት ግዳጅ አልነበረም ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ቃላቸው ግን የሚከበር ነው። ጨዋታ የሚሠሩ ሰዎች ደመወዝ ይሻሉ፤ ጨዋታውን ያለ ዋጋ ከሰጡ ከሌላ በኩል መከፈል አለባቸው ይላሉ። እውነት ነው፤ ለሠራተኛ ዋጋው ይገባዋል። ትልቅ ሰውም በገንዘቡ የሚያስደስተውን ቢገዛ፤ ሥዕልም ቢሆን፤ ማንም ሊከለክለው አይገባም። ተቃውሞው በመሸጡ ላይ አይደለም። ዋጋው 10.79 ከሆነ 10.79 ተብሎ ይጻፍ፤ የተረፈው ይመለስ፤ ከልጅ ጋር ውል ሲደረግ ወላጅ ይጠየቅ፤ ከፍሎ የገዛው ሰው መዝገቡ ሲዘጋበት ከጨዋታው ውጭ ያለ ዳኛ ይስማው፤ ይህ ብቻ ነው የሚጠየቀው። ይህን ሲያደርግ የሚከስር ንግድ ካለ፤ ሲተዳደር የኖረው በዕቃው መልካምነት ሳይሆን በገዢው አለማስላት ነበር ማለት ነው።

ከዚህ ንግድ በታች ደግሞ የማይታዩ ሰዎች አሉ። በቬኔዙዌላ የገንዘቡ ዋጋ እንደ ውሃ በፈሰሰበት ጊዜ፤ የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ራሱ በ2018 የዋጋው ንረት ከ130,000 በመቶ በላይ መሆኑን በተናገረበት በዚያ ዘመን፤ ብዙ ወጣቶች ሥራ ፍለጋ የገቡት ወደ ሩንስኬፕ ነው። በጨዋታው ምድረ በዳ ውስጥ አረንጓዴ ዘንዶ እየገደሉ፤ ቆዳውንና አጥንቱን እየሸጡ፤ ከጧት እስከ ማታ ወርቅ ይሰበስቡ ነበር። ወርቁንም በስውር በዶላር ለሚገዛቸው ሰጥተው ዱቄትና መድኃኒት ይገዙበት ነበር። የአንድ ጨዋታ ወርቅ ከአንድ አገር ገንዘብ ይልቅ ታምኖ ተገኘ። ይህን ያየ ሰው የወርቅ ንግድ ሁሉ ክፉ ነው ብሎ በአንድ ቃል ለመፍረድ ይከብደዋል።

የኩባንያው ሕግ ግን አይከብደውም። ቬኔዙዌላዊው ወርቅ ሲሸጥ ቢገኝ ሕግ አፍራሽ ነው፤ መዝገቡም ይዘጋል፤ የብዙ ቀን ድካሙም አብሮ ይጠፋል። በዚያው ሰዓት አንድ ሌላ ሰው በተደላደለ አገር ተቀምጦ ቦንድ በካርዱ ገዝቶ ወደ ወርቅ ይለውጣል፤ እርሱ የተከበረ ደንበኛ ነው። ሁለቱም ያደረጉት ወርቅን ከገንዘብ ማገናኘት ነው። አንደኛው ለመብላት፤ ሁለተኛው ላለመድከም። ሕጉ የቀጣው የትኛውን እንደ ሆነ ተነግሯል። ተጫዋቾችም ከሕጉ የተሻሉ አልነበሩም፤ በ2017 ከእነርሱ አንዳንዶቹ ቬኔዙዌላውያንን በዚያ ምድረ በዳ እንዴት አድብቶ መግደል እንደሚቻል መምሪያ ጽፈው አሰራጩ። በቋንቋቸው እያናገሩ እንዲለዩአቸውም ይመካከሩ ነበር። የሚሞተው ሥዕል ነው ቢባልም፤ የሚቀረው እራት ሥዕል አልነበረም።

ደንብ ቢወጣ ጨዋታው ይጠፋል የሚለው ፍርሃት ምን ያህል እንደሆነ ቤልጅግ አሳይታለች። ፊፋ ይባል በነበረው የእግር ኳስ ጨዋታ ተጫዋቹ በእውነተኛ ገንዘብ ነጥብ ይገዛ ነበር፤ በነጥቡም የታሸገ ጥቅል ይገዛ ነበር፤ በጥቅሉ ውስጥ የትኛው ኳስ ተጫዋች እንዳለ ግን እስኪከፍተው ድረስ አያውቅም ነበር። የቤልጅግ የቁማር ኮሚሽን በ2018 በአፕሪል ወር መርምሮ፤ በገንዘብ የሚገዛ እንዲህ ያለ የዕድል ጥቅል በአገሩ ሕግ ቁማር ነው አለ። የጨዋታው ባለቤት ኤሌክትሮኒክ አርትስ በዚህ አልተስማማም፤ ነገር ግን በጃንዋሪ 2019 በቤልጅግ ነጥብ መሸጡን አቆመ። በሆላንድ ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ፤ የቁማር ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት በዚሁ ኩባንያ ላይ 10 ሚሊዮን ዩሮ መቀጫ ጣለ፤ መቀጫውን ግን የአገሪቱ የመንግሥት ምክር ቤት በማርች 2022 ሻረው፤ ጥቅሉ ራሱን የቻለ ጨዋታ አይደለምና ቁማር ሊባል አይችልም ሲል ነው። ጥቅሉ ቁማር ነው ወይም አይደለም የሚለው ክርክር ለሕግ ሰዎች ይተው። ለዚህ ነገር የሚያስፈልገው ግን ሌላው ነው፤ በቤልጅግ ነጥቡ ከተከለከለ በኋላም ጨዋታው መሸጡን አላቆመም፤ የቤልጅግ ልጆችም በመስኮቱ ላይ ኳስ መጫወታቸውን አልተዉም።

በ2025 በማርች ወር ደግሞ የአውሮጳ ኅብረት የገዢዎች መብት ጠባቂ መሥሪያ ቤቶች በአንድነት፤ ስታር ስቴብል በሚባል የስዊድን የፈረስ ጨዋታ ምክንያት ተነሥተው፤ ስለ ጨዋታ ገንዘብ ደንብ አወጡ። የዕቃው ዋጋ በእውነተኛ ገንዘብም ይጻፍ፤ ገዢው የማያስፈልገውን ትርፍራፊ ገንዘብ እንዲገዛ አይገደድ፤ ያልተጠቀመበትን በ14 ቀን ውስጥ የመመለስ መብቱም ይጠበቅ የሚል ነው። በሥዕሉ ሥር ከቪ-ባክሱ ቍጥር ጐን በትንሽ ፊደል የዩሮውን ዋጋ መጻፍ ለኩባንያ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ያችን ትንሽ ፊደል ለመጻፍ ከኤቨርክዌስት ዘመን ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ መጠበቅ አስፈለገ፤ አሁንም የሚጽፏት ተገደው እንጂ ወደው አይደለም።